ባሌ ተራሮችን በክረምት ለማየት ያሰባችሁ፣ ይሄን ልጅ ሳታናግሩ እንዳትነሱ

መጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም፣ ታሪኩን የምትፈልጉ ቀጥላችሁ ታነባላችሁ። ባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያው ዲንሾ ያለኸው አስጎብኚ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴን በሰላም ወስደህ በሰላም መልሰህልኛል፣ ክፉ አይንካህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት እሱ ራሱ "እህቴ አደባባይ ላይ አታውጪኝ፣ ለሚፈልግ ሰው ግን ስጪልኝ" ስላለኝ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበር፣ በ1967 ተማሪ ሆኖ ባሌ ነው የደረሰው፣ ጎባ አካባቢ። እኛ ልጆቹ የጎባን ብርድ ሳናየው ነው ያደግንበት፣ "በረደን" ባልን ቁጥር "ብርድስ ጎባ" ይለን ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሳነቴን፣ የባሌን ተራራ ላይ ያለውን ሰፊ ሜዳ አነሳ። ዘማች እያለ ከታች ሆኖ ጉም ለብሶ ነው ያየው እንጂ ላዩ ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ እና "ሳነቴን ሳላየው እንዳልቀር" ይላል፣ ሰው ሲመጣም ይላል፣ ብቻውን ሲሆንም ይላል። ልጆቼ ትምህርት የሚዘጋላቸው ክረምት ነው፣ የኔም የዓመት ፈቃድ ያኔ ነው፣ በቃ ሐምሌ ላይ አያትም ልጅም የልጅ ልጅም ሆነን እንሂድ ተባባልን።

ከዛ ፕላን ማውጣት የሚባለው ነገር ጀመረና ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ጋ ቀብድ ከፈልኩ፣ ብሩ እስኪገባ ድረስ በቀን ሶስቴ የሚደውልልኝ ሰው ብሩ ከገባ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ቢሮው ስሄድ "እሱ ፊልድ ወጥቷል" ነው መልሱ። ሌላው ደግሞ "በክረምት ባሌ ምን ሊታይ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ" ብሎ እኔ ያላሰብኩትን ሊሸጥልኝ ይሞክራል። ከሁሉም የከፋብኝ ግን ሶስተኛው ነው። በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ጎባ አድረን፣ በማግስቱ ሳነቴ ላይ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን አለኝ። አባቴ ግፊት አለበት፣ ዕድሜውም ገፍቷል፣ እንዲህ በአንዴ መውጣቱ አይከብደውም ወይ ስለው "ችግር የለውም።" ልጆቹስ ብርዱን? "ችግር የለውም።" ዝናብ ቢሆንስ? "ችግር የለውም እህት፣ አታስቢ።" አንድም ጊዜ የአባቴን ዕድሜ አልጠየቀኝም እኮ! ስንት ሰው እንደሆንን ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ እሱንም ለሂሳቡ ነው። ሰው እንዴት የሌላን ሰው አባት እንደዚህ አቅልሎ ያያል? እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ልተወው ስል ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የዚህን ልጅ ስልክ የሰጠችኝ። ደወልኩ። ስለ ብር ከማንሳቱ በፊት የጠየቀኝ ጥያቄ "ከናንተ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ማነው?" የሚል ነው። ቀጥሎ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ፣ ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በፊት ከፍታ ቦታ ላይ ራሱን ያመመው ሰው አለ ወይ። ከዛ "አባባ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ ሐኪሙ አይሆንም ካለ ሳነቴን ትተን ሌላ ፕሮግራም እናወጣለን፣ ባሌ ሳነቴ ብቻ አይደለም" አለኝ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ መጣ፣ ማለት ከዛ ሁሉ "ችግር የለውም" በኋላ ችግር ሊኖረው ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያሳርፍ።

ዝናቡንም አልደበቀኝም። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ በሐምሌ ዝናብም ጉምም ጭቃም አለ፣ ሳነቴ ላይ ወጥታችሁ ጉም ብቻ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ አለኝ ቁርጡን። ግን አገሩ አረንጓዴ የሚሆነው ያኔ ነው፣ የደጋ አጋዘኑም ከዲንሾ አይጠፋም፣ ሳነቴን ጠዋት ጠዋት እንሞክራለን አለ። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ራሱ ነው ያወጣው፣ መጀመሪያ ዲንሾ፣ እዛ ማደር፣ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ፣ ከዛ ጎባ፣ ሳነቴ በኋላ። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሳነቴ ደግሞ 4,000 አካባቢ፣ እዛው ላይ ያለው ትልቁ ተራራ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ነው። ሰውነት ደረጃ በደረጃ ካልለመደ ምን እንደሚሆን ስለ ኦክስጅን ምናምን አስረድቶኝ ነበር፣ እሱ ብዙም አልገባኝም፣ የገባኝ ይሄ ልጅ የሚያደርገውን እንደሚያውቅ ነው። የሚያዘውን ልብስ ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ፣ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ሳይቀር፣ ለአባቴ ትርፍ ካልሲ ብሎ ለብቻው ጽፎ። ልንነሳ ስንል ማታ ደውሎ ከአዳባ በኋላ ያለውን መንገድ ጠይቆ ነገረን።

መንገዱን ብዙ አላወራም። በአሰላ፣ በበቆጂ አድርገን ዶዶላ፣ አዳባ፣ ልጆቼ በቆጂ ስንደርስ የነደራርቱ፣ የነቀነኒሳ አገር ነው ስላቸው በመስኮት ሯጭ ሲፈልጉ ነው ያለፍነው። ከዲንሾ በፊት ጋይሳይ ሜዳ ላይ መኪናው ቀስ ሲል አጋዘኖቹ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ወንዱ ቀንዱ ጥምዝ ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ያን ያህል ቅርብ ይታያል ብዬ አላሰብኩም። ዲንሾ ፓርኩ ጽ/ቤት ግቢ ውስጥ ጽድና ኮሶው ስር ደግሞ ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፣ ትንሹ ልጄ "ማሚ እየጸለየ ነው" አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሳነቴ የወጣን ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል፣ ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ድረስ፣ እና አስጎብኚያችን ድንገት ለሹፌሩ "ሞተር አጥፋ" አለው። ቀይ ቀበሮ! ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው፣ ይሄን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የነገረን። ጆሮዋን ወደፊት አድርጋ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ትቆማለች፣ አንድ ጉድጓድ ነው የምታየው። ጉድጓዱ የትልቁ ፍልፈል ነው፣ እሱም ባሌ ብቻ ያለ እንስሳ ነው። ዘላ ገባች፣ አልያዘችውም፣ አፈር በአፈር ሆና ቀና አለች። ልጆቼ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው ያዩት። ሹፌሩን ከጠዋት ጀምሮ ቀስ በል፣ ቀስ በል እያለ ሲወተውተው ነበር፣ ለካ መኪና የሚገጫቸውም አሉ፣ ከመንደር ውሻ የሚይዛቸው የእብደት በሽታም ይፈጃቸዋል፣ ስለዚህ ምግብ ከመስኮት አትጣሉ፣ ውሻ ይዛችሁ አትምጡ ይላል። ይሄን ስትሰሙ ሥራው እንጀራው ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ከዛ ትንሽ እንደሄድን "አባባ ዝም አሉ" አለ። እኔ ልጁ አላስተዋልኩም፣ እሱ ነው ያስተዋለው። አባቴ እኮ ከጎባ ጀምሮ ስለ ዘመቻው ሲያወራ ነው የመጣው። መኪናውን አስቆመና ጣት ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ የአባቴን ጣት አስገባባት። ቁጥር አየ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየንም። "ራስዎን ያምዎታል አባባ?" "ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ እንሂድ።" ቱሉ ዲምቱ ገና ይቀረናል፣ አባቴ ደግሞ የመጣው ለዛ ነው፣ ሊናገር ነው እንዴ?

እና ይሄ ልጅ ወረደ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። በአባቴ በኩል ያለውን በር ከፍቶ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ይዞ በኦሮምኛ አናገረው። አባቴ ኦሮምኛውን ዘማች እያለ የለመደውን አልረሳም፣ እኔ ግን አልሰማም። ዝናቡ ጀርባው ላይ እየወረደበት እስኪጨርስ ድረስ አልተነሳም። አባቴ አንገቱን ነቀነቀና "እንመለስ" አለኝ ራሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ፎቶው እንዳይቀር ብሎ ይገፋ ነበር ወይ አባቴን በልጆቹ ፊት በሽተኛ አድርጎ ያወራ ነበር። ይሄ ልጅ ግን ክብሩን ጠብቆለት፣ ውሳኔውን የአባቴ አደረገለት። ማታ አባቴን ምን አለህ ብዬ ስጠይቀው "እኔም አባት አለኝ፣ እሳቸው ቢሆኑ አሁን ይዤ ነበር የምወርደው አለኝ፣ ከዛ በኋላ ምን እላለሁ" አለኝ።

ጎባ ስንወርድ የአባቴ ፊት ተመለሰ፣ በላ፣ ወሬውም መጣ። ቢሆንም አስጎብኚው ሐኪም ይየው ብሎ ሆስፒታል ወስዶ አስመረመረው፣ ግፊቱም ሁሉም ደህና ነው ተባለ፣ ተመስገን። ለዛ ማታ ተጨማሪ ልከፍለው ስል እጄን ነው የመለሰው።

በማግስቱ ደግሞ እኔና ልጆቹን ከሌላ አስጎብኚ ጋር ወደ ሐረና ጫካ ላከን፣ በሳነቴ በኩል ተሻግሮ ወደ ሪራ ሲወርድ ያለው ነው፣ ከዛ ሁሉ ብርድ በኋላ ሙቀቱ፣ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ቀፎው፣ ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለው ቡና፣ ስለሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። እሱ ግን ከአባቴ ጋር ጎባ ቀረ። ሰው እያጠያየቀ ዘማቾቹን የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ አገኘለት። አባቴን በስም አያስታውሱትም፣ ግን ዘማቾቹ ሲመጡ የለበሱትን፣ ምሽት ላይ ማስተማራቸውን፣ ያኔ ፊደል የቆጠሩትን ሰዎች ያስታውሳሉ፣ ቡና እየጠጡ ቀኑን ሙሉ አውርተው ነው የደረስንባቸው። ይሄ በምንም ፕሮግራም ላይ አልተጻፈም፣ ማንም አልጠየቀውም። አባቴ ከተመለስን ጀምሮ የሚያወራው ስለ ቱሉ ዲምቱ አይደለም፣ ስለ እኚህ ሽማግሌ ነው።

እና እባካችሁ፣ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ፣ ሕፃን ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ይሄን ልጅ አናግሩት። ፕላኑን ከማውጣታችሁ በፊት አናግሩት፣ ቀብድ ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት አናግሩት። ከሰኔ ጀምሮ ደውሉ። የሰዎቻችሁን ዕድሜና ሕመም አትደብቁት፣ እሱ የሚሠራው በዛ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው፣ ዲንሾ ጽ/ቤት ተከፍሎ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። አካባቢው መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ አሁን የሚሄደው ሰው ስለሚበዛ ዘግይታችሁ ብትደውሉ ቀኑ ተይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሹፌራችንንም አመሰግናለሁ፣ "ቀስ በል" ሲባል አንዴም ያልተነጫነጨ ሰው ነው፣ የሱንም ስልክ ከፈለጋችሁ አለኝ። አስጎብኚው ቀን ቀን ተራራ ላይ ስለሚሆን ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል፣ ካላነሳ ማታ ሞክሩት፣ ያመለጠውን ስልክ ራሱ መልሶ ይደውላል።