«ለከብት ነው እኮ!» — ፋጉሎ የምትገዙ ላም አርቢዎች ይቺን አንብቧት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሲቀዘቅዝልኝ «እግዜር ይክፈለው» ብዬ እተወዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የተረፈውን ለሌላ ይሸጠዋል።

ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ በየመኖ ተራው እሱን የመሰለ አይጠፋም። በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር፣ እጁ ላይ ሁለት ስልክ፣ ከኋላው እስከ ጣራ የተደረደረ መኖ የሞላበት ማዳበሪያ ጆንያ። ገና ሳትገቡ «ነይ የኔ እናት፣ ሻይ ይምጣልሽ» ይላል። ዋጋ ስትጠይቁት «ላሞችሽ ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ለላሞቹ አስቦ እንዳይመስላችሁ፣ የኪሳችሁን ልክ እየለካ ነው። ከዚያ «ደረሰኝ ከፈለግሽ ዋጋው ሌላ ነው» ይመጣል። እኛም «ያለ ደረሰኝ ይሁን» እንላለን፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገዛው። ይሄን ሁሉ ስለለመድነው ማታለል መሆኑም አይታየንም።

እኔ ሰንዳፋ ነው ያለሁት፤ የፈረንጅ ዝርያ ያላቸው ጥቂት ላሞች አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ወተት እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። በጾም «ዛሬ አልወስድም» ሲሉኝ የከረሙ ደንበኞች ሁሉ ይመለሳሉ። ጾሙን በድርቆሽና በፉርሽካ ብትገፉትም ያኔ ላሟን ማጠንከር የግድ ነው። እኛ አካባቢ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ስሌት ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ገደማ ድጋፍ መኖ ነው። ሃያ ሊትር ለምትሰጥ ላም በቀን አስር ኪሎ ማለት ነው። ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ኑጉ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው፣ ከፉርሽካ እጥፍ ገደማ ፕሮቲን ስላለው ነው በውድ የምንገዛው። እዚያ ላይ ነው የሚጫወቱብን።

ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግረን የመኪናውን ኪራይ ለሁለት ተካፍለን ሄድን። ሳላይ አልገዛሁም፣ እሱን መጀመሪያ ልበል። ምክንያቱም ይሄን ያነበበ ሁሉ «ለምን አላየሽም?» ሊለኝ ነው። አይቻለሁ! ከፊት የቆመውን ማዳበሪያ ፈታልኝ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ኑጉ ገና አሁን የተጨመቀ የሚመስል ሽታ ያለው። «ከኋላ ካለውም ፍታልኝ» አልኩ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ አለው። ጫኙን ልጅ «አንዱን አውርድላት» አለው። ልጁ አወረደ፣ ሰውዬው በራሱ ምላጭ ስፌቱን በጠሰ፣ እጁን እስከ አንጓው ከተተ። አንድ ጭብጥ አወጣና ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፤ ግማሹን ደግሞ ወደ አፉ ወርውሮ አኘከው።

አኘከው ነው የምላችሁ። ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቆሎ። ከዚያ «እኔ የምበላውን ነው የምሸጥልሽ እትዬ» አለኝ። ጎረቤቴ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሚዛን ላይ ወጣ፣ ብሩን በስልክ ላክሁ፣ ተጫነ።

የመጀመሪያው ማዳበሪያ ደህና ነበር፣ የላይኛው ማለቴ ነው። ወደ መሀሉ ስንደርስ ወለላ ገንዳዋን እየገፋች መተው ጀመረች። ወለላ ማለት ያገኘችውን የምትበላ፣ ገመዷን ሳይቀር የምታኝክ ላም ናት። አሸተተች፣ ተነፈሰችበትና ፊቷን አዞረች። ያቺ ላም ከእኔም ከጎረቤቴም ቀድማ አወቀች። ሌሎቹ ግን በሉ። ትንሿ ጥጃ ከወተት ከተላቀቀች ብዙ አልሆናትም፤ እሷም ከእናቷ ገንዳ ስር ስትለቅም ነበር። አስቀመጣት። ፀጉሯ ቆመ። ወተቱም በየቀኑ እየወረደ መጣ፣ ላሞቹም ማመስኳት ቀነሱ። «ሙቀቱ ነው»፣ «ውሃው ነው»፣ «ዓይን ነው» ተባለ። የዓይኑን ነገር ያለችው አክስቴ ናት፤ እጣንም አጨሰችልን።

በመጨረሻ አንዱን ያልተከፈተ ማዳበሪያ ሸራ ላይ ገለበጥኩት። ይሄን በደንብ ስሙኝ። ከአፉ እስከ አንድ ክንድ ገደማ ያ ያሳየኝ ጥሩው ፋጉሎ ነው። ከዚያ በታች ቀለሙ ይለወጣል፤ አመድማ ነው። እብጥ እብጥ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ጡጫ የሚያህል እንክብል። አንዱን ስሰብረው ውስጡ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ፣ መሀሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ክር። ሽታው የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ። ከታች ደግሞ አፈር! የሚያንፀባርቅ ደቃቅ አሸዋ ያለበት አፈር። ትንሽ ወስጄ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጠበጥኩት፤ አሸዋው ወዲያው ወርዶ ከስር ተኛ። በፋጉሎ ዋጋ አፈር ገዝቼ በአይሱዙ ሰንዳፋ ድረስ አስጭኛለሁ።

እጁን እስከ አንጓው ብቻ የከተተው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራሁ። እንክብሉን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ላሞቹ አይደለም። «ወተቱን ለማን ነው የምትሸጪው?» አለኝ። ታስታውሱ እንደሆነ በ2008 አካባቢ «ወተት ውስጥ መርዝ ተገኘ» ተብሎ ሰው ሁሉ ወተት የተወበት ጊዜ ነበር። መነሻው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያካሄደው ጥናት ነው። ከመቶ በላይ የወተት ናሙና ተመርምሮ ከአስሩ ዘጠኙ ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ከአውሮፓ መለኪያ በላይ ነበር። ዋናው ምንጭ ተብሎ የተጠቆመውም ይሄው የኑግ ፋጉሎ ነው። ሻጋታው መርዙን መኖው ላይ ይሠራል፣ ላሟ ትበላለች፣ መርዙ መልኩን ቀይሮ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። ጉበት ነው የሚጎዳው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሕፃናት ነው የሚያሳስበው። ሐኪሙ እውነቱን ነገረኝ፦ «ይሄ እንክብል አፍላቶክሲን ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም፣ ላቦራቶሪ ነው የሚለየው። ሻጋታ የሌለው የሚመስለውም ሊኖረው ይችላል። እኔ ብሆን ግን አንድ እፍኝ አልሰጥም።»

መኖውን ከገንዳ አወጣሁ። ወተቱ እስኪጠራ ለጥቂት ቀናት መሸጥ አቆምኩ፣ የታለበውን ደፋሁት። ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ ነገርኳቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዷ ገና ጡት ላስጣለችው ልጇ ነው ከእኔ የምትወስደው። ስነግራት ዝም አለች። «እሺ፣ አመሰግናለሁ ስለነገርሽኝ» አለችና ዘጋች። እስካሁን አልተመለሰችም። አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንመለስ። ዛሬ ጠዋት እንክብሉን በፌስታል ቋጥሬ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ነው። «ኦ እትዬ! ፋጉሎ አለቀ እንዴ?» አለኝ። ፌስታሉን ፈትቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። አልደነገጠም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ ትንሽ እንኳ ቢደነግጥ ምን ነበረበት? እንክብሉን በሁለት ጣቱ አነሳና ገመሰው። ሻጋታው እጁ ላይ ብን አለ። ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ዝናብ አስነክተሽው ነው» አለ።

«ከተራገፈ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። ስፌቱን የፈታሁትም እኔ ነኝ፤ ያንተው ስፌት ነው።»

«መጋዘንሽ ያፈሳል ማለት ነው።»

«አፈሩስ? አፈሩም በጣራ ነው የገባው?»

እዚህ ጋ ጫኙ ልጅ ፈገግ አለ። ያው ያን ቀን ማዳበሪያውን ያወረደልኝ ልጅ ነው። ወደ እሱ ዞርኩና «አንተ ልጅ፣ ጥሩው ከላይ ብቻ መሆኑን ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት። ልጁ ወደ ጌታው አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት። አልመለሰልኝም። ሰውዬው ነው የመለሰልኝ፣ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፦

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ? ሌላውም ይሄንኑ ነው የሚወስደው፣ ማንም አላማረረም። ለከብት ነው እኮ! ለሰው አልሸጥንልሽ።»

«ወተቱን ማን ነው የሚጠጣው?» አልኩት።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ከዚያ ለሌላ ደንበኛ «ነይ የኔ እናት፣ ሻይ ይምጣልሽ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ፌስታሉ ወንበሩ ላይ ቀረ። ሴትየዋን «ማዳበሪያውን ገልብጠሽ እዪው» አልኳት፤ ጮክ ብዬ። ሰውዬው ሳቀና «ተጣልተን ነው፣ አትስሚያት» አላት። ጫኙን ደግሞ «መንገድ አስለቅቅ» አለው። መንገዱ እኔ መሆኔ ነው! ልጁ ክንዴን ሊይዘኝ ሲመጣ ራሴው ወጣሁ።

ወረዳው ንግድ ቢሮም ሄድኩ። ወጣቷ ሠራተኛ በትህትና ነው ያናገረችኝ፣ ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ ደረሰኝ ነው። የለም። «ብሩን የላክሽበት ማስረጃ?» አለችኝ። እሱ አለ፤ ግን የላክሁት በሌላ ሰው ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። ያኔ «የወንድሜ ነው» ብሎኝ ነበር። በዚህች አገር የእንስሳት መኖን የሚቆጣጠር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 728/2004፣ ልጅቷም ታውቀዋለች። «ናሙና ወስደን ማስመርመር እንችላለን፣ ግን ከሱ ሱቅ ለመውሰዱ ማረጋገጫ ያስፈልጋል» አለችኝ። ምን ልበላት? ልክ ናት።

በነገራችን ላይ ሁሉም መኖ ሻጭ እንደዚህ ነው እያልኩ አይደለም። ድሮ ፉርሽካ ከምገዛበት ቤት ሽማግሌው ነጋዴ ከዱቄት ፋብሪካ የመጣበትን ወረቀት ሳልጠይቅ ነበር የሚያሳየኝ። ርቀት ስለሆነብኝ ነው የተውኩት። አሁን ርቀቱን እሄዳለሁ።

ለምትገዙ ምክሬ አጭር ነው። ከምትጭኑት ውስጥ ራሳችሁ የመረጣችሁትን ማዳበሪያ እዚያው ሸራ ላይ እስከ ስሩ አስገልብጡ። ሻጩ «ማን ይሰፋዋል?» ካላችሁ ጥላችሁት ሂዱ። እንክብል ካለው ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ የምድር ቤት ሽታ ከሸተታችሁ አትግዙ። ከታች ያለውን በብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፤ አሸዋ ይወርዳል። ፉርሽካ ከሆነ ደግሞ ሰጋቱራ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ፉርሽካው ሲለሰልስ ሰጋቱራው ጠጣር እንደሆነ ይቀራል። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቢጨምርም። ብር ስትልኩ የሂሳቡ ስምና የሱቁ ስም አንድ ይሁን። ቤት ስታደርሱም መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ እንጨት ላይ ደርድሩት፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። የኛ እርጥበት ደግሞ የሻጩን ኃጢአት እንዳይሸፍንለት።

ጥጃዋ ዛሬ ትንሽ ድርቆሽ በልታለች። ሐኪሙ ነገ ይመለሳል።

የተረፈውን ማዳበሪያ በተመለከተ፦ ወሬው ሰፈር ውስጥ ተዳርሶ አንድ ዶሮ አርቢ ደውሎልኝ «በግማሽ ዋጋ ልውሰድልሽ፣ ከሌላ መኖ ጋር እቀላቅለዋለሁ» አለኝ። ዶሮ ከላም ይልቅ ለአፍላቶክሲን እንደሚሳሳ ሐኪሙ ስለነገረኝ እምቢ አልኩ። ሁለተኛ ጊዜም ደወለ፣ ዋጋ ጨምሮ። ከጎረቤቴ ጋር ጉድጓድ እያስቆፈርን ነው፣ እንቀብረዋለን። ሱቁ የት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ መንገዱን እስከ በሩ ድረስ እነግረዋለሁ።