«ፍስክ ነካው!» እያለች ላስተማረችኝ እህቴ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ቨርጂኒያና አካባቢው ላላችሁ እህቶች።

ባለፈው ሳምንት የፐርማነንት ሜካፕ (ቅንድብን በመርፌና በቀለም መሥራት) ላይሰንሴ ወጣ። ፎቶውን ለጥፌ «ተመስገን» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን በአደባባይ ማመስገን ያለብኝ ሰው አለች። ደግሞ «የት ተማርሽ? ስንት ከፈልሽ? ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። አንዴ ልጻፈውና ሁላችንም እንረፍ።

ስሟን የማልጽፈው ራሷ ስለከለከለችኝ ነው። «ስልኬን በየቦታው ከበተንሽው መርፌውን ትቼ ስልክ ሳነሳ ልውል ነው» አለችኝ። የምትፈልጓት ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በዕድሜ ታላቄ ናት። የመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ስላት «አታስረጂኝ» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ እዚህም አንቱታውን ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የተማርኩት እሷ ጋ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ለሦስት ቀን ትምህርት 1,800 ዶላር ከፍያለሁ። የማን እንደሆነ ይቅር። አንደኛው ቀን ስለ ቢዝነስና ስለ ኢንስታግራም ወሬ፣ ሁለተኛው ቀን ላቴክስ (ቆዳ የሚመስል ላስቲክ) ላይ ልምምድ፣ ሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ እርስ በርሳችን ቅንድብ ተሠራራን። ማታ ወርቃማ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘን ፎቶ ተነሳን። ወረቀቱን ይዤ ላይሰንስ ላወጣ ስል ነው ጉዴ የፈላው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ሥራ የሚቆጣጠረው የፀጉርና የውበት ሥራ ቦርድ ነው፣ ዲፒኦአር በሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሥር። እኔ ስማር የሚጠየቀው ቦርዱ ባጸደቀው ትምህርት ቤት 200 ሰዓት ነበር። ከዚያ ፈተና አለ። በደም ስለሚተላለፉ በሽታዎች፣ ስለ ማምከን፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረግ እርዳታ) የተማራችሁበት ማስረጃም ይጠየቃል። ሦስት ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተው አስሉት። ሰርተፊኬት ሌላ፣ ላይሰንስ ሌላ። ይቺን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ 1,800 ዶላሬ አይበላም ነበር። (ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ነገሩ በየካውንቲው ጤና ቢሮ መመዝገብ ነው። ሜሪላንድ ድልድዩን ተሻግሮ ቢሆንም ሕጉ ሌላ ነው።)

የተገናኘነው አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ እየበላች ፊቴን ታየኛለች። በመጨረሻ «ቅንድብሽን ማነው የሠራሽ?» አለችኝ። አፈርኩ። በዚያ የሦስት ቀን ትምህርት የተሠራው ቅንድቤ ቡኒ መሆኑ ቀርቶ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። በየጠዋቱ እርሳስ እየደረብኩ ነበር የምወጣው።

«መርፌው ጠልቆ ገብቷል» አለች፣ እንጀራዋን እየጠቀለለች። ከዚያ እዚያው ሳህን ፊት ለፊት አስተማረችኝ። ቀለሙ ማረፍ ያለበት ከላይኛው ቆዳ ቀጥሎ ባለው ሽፋን ላይኛው ክፍል ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ከጠለቀ ጥቁሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ክንዷን ዘርግታ የደም ሥሯን አሳየችኝ። «ደሜ ሰማያዊ ነው እንዴ? ቆዳ ነው እንዲህ የሚያሳየው።» ይህን በሦስቱ ቀን አንድ ሰው አልነገረኝም።

እሷ ጋ ትምህርቱን ስጀምር ማሽን የምይዝ መስሎኝ ነበር። የምን ማሽን! መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ጓንት ማውለቅ፣ ጠረጴዛ መሸፈን ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ክሮስ ኮንታሚኔሽን» የሚለውን ቃል እኔና አንዲት የሐረር ልጅ ስንሸመድድ አየችን። መጽሐፉን ዘጋችውና «የጾም ድስት ውስጥ የፍስክ ማንኪያ ሲገባ ምን ይሆናል?» አለችን። በቃ፣ ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንት አድርጌ ስልኬን ከነካሁ፣ መነጽሬን ካስተካከልኩ፣ መሳቢያ ከከፈትኩ ከወዲያኛው ክፍል «ፍስክ ነካው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጓንት ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ሌላ ጓንት ይጠለቃል። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጥንድ ጓንት ጨርሻለሁ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ፣ ደርቆ በቀረ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት እንደሚችል የሰማሁት ከእሷ ነው። ክትባቱን ሳልጀምር ሰው አጠገብ አላስቀረበችኝም። መርፌው ካርትሪጅ ነው፣ የታሸገ፣ ደንበኛዋ እያየች ይከፈታል። ሲያልቅ ቀይዋ የስለታም ዕቃ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከፍተን የማናሳይ ከሆነ አንሠራም።

ከዚያ ብርቱካን። ልጣጩ ላይ መስመር መሳል፣ ውኃው ሳይወጣ። ከብርቱካን በኋላ ላቴክስ። ስንት ላቴክስ እንደጨረስኩ አላውቅም፣ የጓዳዬ መሳቢያ ቅንድብ በቅንድብ ሆኗል። እጄ ላይ የነበረው ችግር ቆዳውን ወጥሮ መያዝ ነው። ቆዳ ካልተወጠረ መርፌው ይዘላል። ጣቴን በጣቷ ይዛ ትወጥረዋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትለቀኛለች። «ድምፁን ስሚው» ትላለች። እውነትም ማሽኑ ሲጠልቅ ድምፁ ይወፍራል። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

ስለ እኛ ቆዳ ያስተማረችኝን ለብቻው ልጻፍ፣ ምክንያቱም የዩቲዩቡ ትምህርት አብዛኛው ለነጭ ቆዳ ነው። ቡኒ ቆዳ ማለት ቀለሙ ላይ የተዘረጋ ቡኒ ነጠላ ነው ትላለች። ጠርሙሱ ላይ ያያችሁት ቀለም ሲድን በነጠላው በኩል ነው የሚታየው። የብረት ኦክሳይድ ቀለም ጊዜ ሲሄድ ወደ ቀይ ያደላል፣ ካርቦን ያለበት ወደ ግራጫ። የትኛውን ከየትኛው እንደምትቀላቅሉ የምታውቁት የሴትዮዋን ቆዳ በመስኮት ብርሃን አይታችሁ ነው። ቅባታማ ቆዳ ላይ ደግሞ ማይክሮብሌዲንግ፣ ያ ፀጉር የሚመስለው ቀጭን መስመር፣ ይደበዝዛል፣ ይሰፋል። ለእንዲህ ዓይነቷ ደንበኛ በማሽን የሚነሰነሰው ፓውደር ይሻላል። «ፀጉር በፀጉር አድርጊልኝ» ብላ የመጣችን ሰው አይሆንም ማለት ሥራ ያስቀራል። ግን ትልልቅ ደንበኞቿን ያመጡላት እነዚያ አይሆንም ያለቻቸው ናቸው።

አይሆንም ማለትን ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎቼ አንዷ ነበረች። ወጣት፣ ቆንጆ፣ ፀጉሯን ለቃ የመጣች። ቅጹ ላይ «ጠባሳ ያብጥብሻል?» ለሚለው «አይ» ብላ ሞልታለች። አርባ ደቂቃ በክር እየለካሁ፣ እየሰረዝኩ፣ እንደገና እየሳልኩ ሁለቱን ቅንድብ አስተካከልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ንድፍ ሠርቼ አላውቅም። ካርትሪጁን ልከፍት ስል አስተማሪዬ መጣች። ንድፉን አላየችውም። የልጅቷን ፀጉር በጓንቷ ጀርባ ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አየች። ከጉትቻው ቀዳዳ ኋላ ባቄላ የምታህል ጠንካራ እብጠት አለ።

«ይሄ ምንድነው የኔ ቆንጆ?»

«ጆሮዬን ስበሳ የወጣ ነው። አያመኝም።»

ኬሎይድ ነው፣ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ አንዴ የወጣበት ሰው ሌላ ቁስል ላይም ሊወጣበት ይችላል። እርጥብ ጥጥ አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠች። «አጥፊው» አለችኝ። አርባ ደቂቃዬን በአንድ ጥጥ ጠረግሁት። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም። ለልጅቷ ቁጭ ብላ በእርሳስ ቅንድብ አሣሣል አስተማረቻት፣ የቆዳ ሐኪም ጋ እንድትሄድም መከረቻት፣ አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም። ልጅቷ ከወጣች በኋላ «ቅንድብ ላይ እኮ ብዙም አይወጣም ይባላል» አልኳት። «'ብዙም' በሚል ቃል የሰው ፊት አላስይዝም» አለችኝ።

ነፍሰ ጡር ትመለሳለች። የምታጠባ ትመለሳለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቃለች። ማደንዘዣ ቅባትም ላይ ጥብቅ ናት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከ4 በመቶ በላይ ሊዶኬይን (የሚያደነዝዘው መድኃኒት) ስላለባቸው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ስለሚሸጡ ቅባቶች ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ያንን ወረቀት አትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ቆዳ ውስጥ እንዲገባ ኤፍዲኤ ያጸደቀው ቀለም አለመኖሩንም ለደንበኛ እንድንናገር ታስገድደናለች። መጀመሪያ «ደንበኛ እናባርራለን» ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዳንዷ እውነትም ትሄዳለች። ትሂድ።

እናቴ ግን ይህ ሁሉ አልገባትም። ደሴ ሆና በቪዲዮ ሳሳያት «ንቅሳት ልትነቅሺ ነው አሜሪካ የሄድሽው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የራሷ አንገት ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አለ፣ ድዷም ጥቁር ነው። በእሾህና በጥላሸት፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ልጅ ሆና። «የኛዋ ነቃሽ 200 ሰዓት አልተማረችም፣ ይኸው 50 ዓመት አልጠፋም» ብላ ሳቀችብኝ። ለአስተማሪዬ ስነግራት «የእሷስ ጠልቆ ነው የገባው፣ ሰማያዊ አይደል?» አለች። ነው!

ሰው ነችና ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ትዘገያለች። ዘጠኝ ሰዓት ካለች ዘጠኝ ተኩል ነው። ስትቆጣ አትመርጥም፣ ደንበኛ ፊትም ትናገራለች፣ እኔ ሁለቴ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ዋጋዋም ከዚያ የሦስት ቀን ትምህርት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ግን ከፋፍላ ተቀብላኛለች፣ ግማሹን ከፍዬ ቀሪውን እቁቤ እስኪወጣ ጠብቃኛለች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የጨነቀንን ሦስት ተማሪዎች ደግሞ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ እየጠራች አስጠንታናለች። ለዚያ አልከፈልናትም።

ከሷ ጋ ባትማሩም፣ የትም ብትሄዱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በቦርዱ የጸደቀ መሆኑን ጠይቁ። ቅንድብ ለመሠራት ለምትሄዱትም፣ የሠሪዋን ስም ዲፒኦአር ድረ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ላይሰንስ እንዳላት በነፃ ማየት ትችላላችሁ። የተሠራ ሥራ ፎቶ ስታዩ በዚያው ቀን የተነሳውን ሳይሆን የዳነውን ጠይቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያምራል። ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ «ጠፋ!» ብላችሁ ትደውላላችሁ፣ ከዚያ በወሩ አካባቢ ተመልሶ ይመጣል። ታች አፑ፣ ማለትም ሁለተኛው ዙር ማስተካከያ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ፣ አላነበብኩም ትያለሽ እንጂ። ያቺን ጥጥ እጄ ላይ ስላስቀመጥሽ አመሰግናለሁ። የኔንም ሰማያዊ ቅንድብ ቀስ በቀስ ስላስተካከልሽልኝ።

ለእናንተ ደግሞ፣ የሥራ ፎቶ ለማሰባሰብ አምስት ሞዴል እፈልጋለሁ። ቦታው ላይሰንስ ያለው የእሷ ሳሎን ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የዕቃውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ጆሯችሁን እንደማይ ከአሁኑ እወቁ። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቡና አቁሙ፣ ደም ያበዛል ስለሚባል። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሥራው ሲያልቅ እኔ አፈላለሁ፣ እስከ በረካ።