ለንደን ላይ የትኛው ያዋጣል፦ የ2006 ቤንዚን መኪና ወይስ የ2013 ናፍጣ (እ.ኤ.አ.)?

የምርት ዘመኑን ብቻ ያየ ሰው አዲሱን ናፍጣ ይመርጣል። ለንደን ውስጥ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ከኦገስት 2023 ወዲህ ሁሉንም የከተማዋን ወረዳዎች የሚሸፍነውና በካይ መኪኖችን የሚያስከፍለው የዩሌዝ ቀጣና ከቤንዚን መኪና ዩሮ 4 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ፣ ከናፍጣ ደግሞ ዩሮ 6ን ይጠይቃል። የ2006ቱ ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ ዩሮ 4 ስለሆነ በነጻ ያልፋል። የ2013ቱ ናፍጣ ባብዛኛው ዩሮ 5 ነውና በተነዳ ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ያስከፍላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ ማታ አምስት ሰዓት ወጥቶ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሚመለስ ሰው 25 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው።

አድልዎ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዩሮ 4 ለቤንዚን የፈቀደው የናይትሮጅን ኦክሳይድ (አየር የሚበክል ጋዝ) መጠን በኪሎ ሜትር 80 ሚሊግራም ሲሆን፣ ዩሮ 5 ለናፍጣ የፈቀደው 180 ነው።

ናፍጣ በረጅም መንገድ ነዳጅ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ግን የጥቀርሻ ማጣሪያው በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ይደፈናል፤ ማስቀየሩ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ለከተማ ነዋሪ እኔ ቤንዚኑን እላለሁ። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ግን የሻጩን ቃል ትተው የታርጋውን ቁጥር በለንደን ትራንስፖርት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ።