የደብረ ብርሃን ነፋስና የእኔ ካሎሪሜትር፦ ከወራት በኋላ

የነዳጅን ሙቀት የምትለካውን ትንሿን የትምህርት ቤት ካሎሪሜትር ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። የመዳብ ኩባያ፣ የአልኮል መብራት፣ ማቆሚያ፣ ቴርሞሜትርና የነፋስ መከለያ አላት። ሚዛን ግን የላትም። 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ወርቅ ቤት የምናየውን ዓይነት ሚዛን ለብቻ መግዛት ግድ ነው፤ ያለሱ የመደርደሪያ ጌጥ ናት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ ክብደት በግራም፣ በ4.18 (አንድ ግራም ውሃን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጁል)፣ ከዚያ ሙቀቱ በጨመረበት ዲግሪ ይባዛል። 200 ግራም ውሃ 20 ዲግሪ ከጨመረ 16.7 ኪሎጁል ገባበት ማለት ነው። መብራቷን በፊትና በኋላ መዝናችሁ ለጎደለው ግራም ታካፍላላችሁ።

ውጤቱን ግን እንዳታምኑት! የኤታኖል ትክክለኛ ቁጥር በግራም 30 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን እኔ ጋ መጀመሪያ 14 አካባቢ ነበር የሚወጣው። ቀሪውን ነፋስ ወሰደው። የመጣው መከለያ በአንድ ጎኑ ክፍት ነው፤ ለደብረ ብርሃን ይሄ ቀልድ ነው። ከዘይት ቆርቆሮ ዙሪያውን የሚከልል ሠርቼ፣ ኩባያውን ስከድነው ወደ 18 ከፍ አለ። ከዚያ በላይ አልሄደም፤ መዳቡም ራሱ ይሞቃል፣ ትኩስ አየሩም በጎን ይወጣል። ትክክለኛውን የሚፈልግ ነዳጁን በተጨመቀ ኦክሲጅን፣ ውሃ ውስጥ በተነከረ የብረት ዕቃ የሚያቃጥለውን ቦምብ ካሎሪሜትር ይፈልግ።

ለማወዳደር ግን ጎበዝ ናት። ላምባ ሁሌም አልኮልን ይበልጣል፤ ግን መጽሐፍ ላይ ያለው ልዩነት (46 ለ30) እኔ ጋ ይጠባል። ምክንያቱ ኩባያው ስር ይታያል፤ ጥላሸቱ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ነው። በየጊዜው ካልጠረጋችሁት ደግሞ የሚቀጥለውን ልኬት ያበላሻል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል የባሰ ዝቅ ይላል፤ ውስጡ ያለውን ውሃም ማትነን አለበት።

ኩበትና ባህር ዛፍ የሚነድበት ነገር አብሮ አልመጣም፣ የሽቦ ወንፊት ሠራሁ። መጽሐፍ ላይ የደረቀ እንጨት በግራም ከ16 እስከ 18 ኪሎጁል፣ ኩበት ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፣ አመዱ ብዙ ስለሆነ። እርጥብ ባህር ዛፍ ግን ከደረቀ ኩበትም ያንሳል፣ ይሄን ተማሪዎቼ ማመን አቅቷቸው ደግመው ለኩ። ከሰል ከሞከራችሁ በሩን ክፈቱ። ብርድ ነው ብሎ ዘግቶ ከሰል ማንደድ እዚህ አገር የለመድነው ክፉ ነገር ነው።

አንድ ምክር፦ ውሃውን አታፍሉት። እዚህ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ እንፋሎት እየሆነ ይሄዳል፣ ቴርሞሜትሩም አይንቀሳቀስም።

ቴርሞሜትሩ ነው የከዳኝ። ቀዩ ፈሳሽ ተቆራረጠ፣ በዲጂታል ተካሁት። የመብራቷን ክዳን ሳትረሱ ክደኑ፤ አልኮሉ ሳይነድ ይተናል፣ ሚዛኑም ይዋሻል። ትኩስ እያለች ነዳጅ አትሙሉባት፣ ቤንዚን ደግሞ በፍጹም። ለክሩ ምትክ ገበያ ላይ አጣሁ። እናቴ የፈተለችውን ጥጥ ደራርቤ ባስገባው ከኦርጂናሉ የተሻለ ይነዳል።