ስኮፕ ወይስ ባዶ ብረት፣ ለኛ ጅማ የቱ ያዋጣል?

ፈቃድ ያላቸው ጓደኞቼ ሁሉ ሰሞኑን ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ ጠመንጃዬ ላይ ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መነጽር) ላስገጥም ወይስ ጠመንጃው ይዞት በመጣው ማነጣጠሪያ፣ በባዶው ብረት ልቀጥል? አጎቴ ቤልጅግ ማውዘሩ ላይ ቋሚ 4 በ32 ስኮፕ (4 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ) አስገጥሞ (በፈቃዱ ላይ ተመዝግቦ ነው) ክረምቱን ሙሉ ማሳ ሲጠብቅበት አይቻለሁ፣ እኔም ኢላማ ላይ ተኩሼበታለሁ፣ ስለዚህ የታየኝን ልናገር።

ጌራና ሰቃ በኩል ቡናው ያለው ጥላ ስር ነው፣ 60 እና 70 ሜትር ካለፈ ዓይን የሚገባበት ቦታ ብዙም የለም። እዛ ውስጥ ስኮፕ አጉልቶ የሚያሳይህ ቅጠል ነው። ባዶው ብረት ግን ሰደፉን ትከሻህ ላይ እንዳስቀመጥክ ዝግጁ ነው፣ ሁለቱም ዓይንህ ክፍት ሆኖ ዙሪያህን ታያለህ፣ ጭቃ ቢነካው በጣት ትጠርገዋለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢላማውን ጥርት አድርጎ ለማየት ሲታገል ነው፣ ጥርት ብላ መታየት ያለባት አፈሙዙ ጋ ያለችው የፊቷ ብረት ናት፣ ኢላማው ትንሽ ቢደበዝዝ ምንም አይደል።

ዝናቡን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጉም ሳይነሳ አጎቴ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ትንፋሹ የኋላውን መስታወት ነጭ ያደርግበታል፣ በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል፣ ጠርጎ ሳይጨርስ ከፊት በኩል አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፣ ከዛ የሚታየው ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ናይትሮጅን የተሞላ ስኮፕ ከውስጥ አይደበዝዝም እንጂ ከውጭ ለሚመጣው መፍትሄ የለውም፣ ክዳን የግድ ነው።

ታዲያ አጎቴ ለምን ወደደው? ዕድሜው 60 አልፏል፣ የፊቷ ብረት ከደበዘዘችበት ቆየ። በባዶ ብረት ዓይን የኋላውን፣ የፊቱንና ኢላማውን አንድ ላይ ማስማማት አለበት፣ የሸመገለ ዓይን ይሄን አይችልም፣ ስኮፕ ግን ውስጡ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀልና ኢላማውን እኩል ጥርት አድርጎ ያሳየዋል። ስኮፑን ከገጠመ ወዲህ 100 ሜትር ላይ ያለች ካርቶን ላይ ጥይቶቹ ተጠጋግተው ሲያርፉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ለትልልቅ ሰዎች እኔ ያለ ማመንታት ስኮፕ በሉ እላለሁ።

ግን ማጉያውን አታብዙ። 32 ለ 4 ሲካፈል 8 ነው፣ ዓይን ጋ የሚደርሰው የብርሃን ክብ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ሲመሽ በደንብ ይታያል። ያንኑ 32 መስታወት 9 እጥፍ ብታደርገው 3 ሚሊ ተኩል ላይ ይወርዳል፣ ጥላ ስር ጨለማ ነው።

ገንዘባችሁን ማሰሪያው ላይ አውጡ። መጀመሪያ የገጠመለት ባለሙያ ብሎኑን በደንብ አላጠበቀውም፣ ባጃጅ ላይ ተንገጫግጮ ሲመጣ ዜሮው ጠፋ፣ ማለት መስቀሉ የሚያሳየው ቦታና ጥይቱ የሚያርፍበት ተለያዩ፣ የማስተካከያው አንድ ክሊክ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ብሎን ላልቶ ግን ክሊክ ቢቆጥሩ ከንቱ ነው። ማውዘር ላይ ሌላም ጣጣ አለ፣ የማቀባበያው እጀታ ሲነሳ ስኮፑን ስለሚመታ መታጠፍ አለበት፣ አምስቱን ጥይት በክሊፕ አንዴ መክተትም ይቀራል። ክላሽ ከሆነ ደግሞ በግራ ጎኑ የስኮፕ ማሰሪያ ሀዲድ ከሌለው ተዉት፣ የላይኛው ክዳን ስለሚነቃነቅ ስኮፕ አይሸከምም። ዓይናችሁንም ከስኮፑ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁ፣ ማውዘር ይራገጣል፣ ቅንድብ ይሰነጥቃል።

ወጣት ሆኖ ቡና ውስጥ ለሚውል ባዶው ብረት ይበቃዋል። ዓይኑ ለደከመ ወይም ሜዳው ገላጣ ለሆነበት ቋሚ 4 በ32። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 መሰረት ስኮፑም ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ፖሊስ ጋ ጠይቁ።