ሕንፃችንን ሳይነኩ የለኩልን ባለሙያዎች

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ የስምንት ፎቅ ሕንፃችን ኮሚቴ ንዝረትን ከርቀት በራዳር የሚለካ ድርጅት ቀጠረ። ባለሙያዎቹ ግድግዳ ሳይበሱ፣ አንድም ሽቦ ሳይዘረጉ መሣሪያውን ከመንገዱ ማዶ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተከሉት። ራዳሩ ከበረንዳዎቹ ጠርዝ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ሞገድ እያነጻጸረ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ እንቅስቃሴን ይለያል፤ ሕንፃውን ለማወዛወዝም ነፋስና የመንገድ ትራፊክ ይበቃሉ። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር በላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ሲርገበገብ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስደነግጣል።

በሥራው ፍጥነትና ጥራት ረክቻለሁ፤ በሪፖርቱ ግን አልረካሁም። ከአንድ ቀን ልኬት ብቻ ተነሥቶ «ሕንፃው ጤናማ ነው» ብሎ ይደመድማል። የዚህ ዘዴ ጥቅም ያለው በንጽጽር ነው፦ የሕንፃው ክብደት ሳይለወጥ የተፈጥሮ ድግግሞሹ (በራሱ ሲወዛወዝ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) 5 በመቶ ቢወርድ፣ ግትርነቱ (መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ) 10 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። እኛ ቀድሞ የተለካ ቁጥር ስላልነበረን ቢያንስ ከስትራክቸር ዲዛይኑ ጋር ሊያነጻጽሩት ይገባ ነበር፤ ፕላኑን ግን የጠየቀን የለም። በተጨማሪም ራዳሩ የሚያየው ወደ እርሱና ከእርሱ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ የጎን ውዝዋዜው ሳይለካ ቀርቷል። ቀሪውን ክፍያ ይዘን ከጎን በኩል እንዲደግሙልን ጠይቀናቸዋል።