አድራሻን ከአውቶማቲክ እደላ መጠበቅ፦ ማግለል ወይስ ማስያዝ?

በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ያለው ዲኤችሲፒ ለኮምፒውተሮች አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለዩበትን ቁጥር) በራሱ ያድላል። ፕሪንተር ወይም ካሜራ ግን ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ አድራሻ ሲይዝ ሥራ ይስተጓጎላል።

ማግለል ማለት ለምሳሌ ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.20 ያሉትን አድራሻዎች ሰርቨሩ ለማንም እንዳይሰጥ መከልከል ነው። ከዚያ አድራሻውን፣ ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫውን) እና ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን ሰርቨር) መሣሪያው ላይ በእጅ እንሞላለን። ዲኤችሲፒው ቢወድቅም መሣሪያው አድራሻውን አያጣም። ስለዚህ ራውተሩና ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ራሱ ምንጊዜም እዚህ ውስጥ ይግቡ።

ማስያዝ ደግሞ አንድን አድራሻ ከመሣሪያው ማክ አድራሻ (ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ጋር ማሰር ነው። ፕሪንተሩ እንደማንኛውም መሣሪያ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ሁልጊዜ ያንኑ 192.168.1.50 ይሰጠዋል። ለፕሪንተርና ለካሜራ እኔ ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ዲኤንኤስ የተቀየረ ዕለት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስኮፑ (ሰርቨሩ የሚያድለው የአድራሻ ክልል) ላይ አንዴ ማስተካከል ይበቃል፣ መሣሪያዎቹ ለተወሰነ ጊዜ የተሰጣቸውን አድራሻ ሲያድሱ አዲሱን ይወስዳሉ። በእጅ የተሞሉትን ግን በየክፍሉ እየዞሩ አንድ በአንድ መቀየር ግድ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የኔትወርክ ካርድ ከተቀየረ ማኩም ስለሚቀየር አዲሱን ማስገባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ሳያገልሉ በእጅ መሙላት ነው። ሰርቨሩ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል። አድራሻው መያዙን በፒንግ (መልስ የሚሰጥ መሣሪያ መኖሩን በሚጠይቅ አጭር መልእክት) የሚያጣራው ቅንብር ከመጀመሪያው ዜሮ ላይ ስለሆነ፣ ራስዎ ካላበሩት አይሠራም።